የቼዝ ጌቶችና የሳይንስ ሊቃውንት

«ከዓለም የቼዝ ሻምፒዮንና ከታላቅ የሳይንስ ሊቅ በአእምሮ የሚልቀው የትኛው ነው?» ይህ ጥያቄ በመሥሪያ ቤታችን የተነሣው፣ አዲስ ተመራቂ መሐንዲሶች የሚመረጡበት የመግቢያ ፈተና በሚዘጋጅበት ሰሞን በሻይ ሰዓት ነበር። በዕድሜም በልምድም የሚበልጡን አንድ ባልደረባችን «ቼዝ አሳምሮ የሚጫወት ልጅ ከቀረበልኝ ሌላ ፈተና አያስፈልገኝም፤ አእምሮው አስቀድሞ ተመዝኗልና» አሉ። ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተመረቀው ጓደኛዬ ደግሞ «ጋሼ፣ ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ የስበት ሕግ የተገኘው በቼዝ ገበታ ላይ አይደለም» ሲል መለሰላቸው። ሻዩ ቀዝቅዞ ሲደፋ ክርክሩ ገና ትኩስ ነበር። የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ሌላ ርእስ ፍለጋ መድከም አላስፈለገኝም። ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ቢመስልም፣ በዚያ ሳምንት በምናዘጋጀው ወረቀት የጥቂት ወጣቶች የሥራ ዕድል ይወሰን ነበርና ነገሩ ጨዋታ አልነበረም።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት የነበረውና ዛሬ ቼዝ የምንለው ጨዋታ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል ወደየአገሩ የተዛመተው ነው። በአገራችን ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በመጀመሪያ ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን በአንድነት ያንቀሳቅሱ የነበረ ሲሆን፣ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነበር። ዛሬ ለእኛ ለመሐንዲሶች ሰንጠረዥ የቁጥር መደርደሪያ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው በአውሮፓ ስለ ዳበረው ዓይነት ስለሆነ ቼዝ በሚለው ስም እጠቀማለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሰውን አእምሮ በቁጥር ለመመዘን የተነሡት ሰዎች ገና ከጅምሩ ቼዝን አልዘለሉትም። ፈረንሳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ በ1894 ስለ ታላላቅ የቃል ሒሳብ አስሊዎችና ስለ ቼዝ ተጫዋቾች አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ገበታውን ሳያዩ በቃላቸው የሚጫወቱ ሰዎች እያንዳንዱን ጠጠር እንደ ፎቶግራፍ በዓይነ ልቡናቸው ያያሉ ብሎ ገምቶ ነበር። ጠይቆ የተረዳው ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ የሚያስታውሱት የጠጠሩን ቅርጽና ቀለም ሳይሆን የጨዋታውን ትርጉም፣ ማለትም ማን ማንን እንደሚያስፈራራና የትኛው መስመር እንደ ተከፈተ ነበር። ይኸው ቢኔ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ ዛሬ አይ ኪው ለሚባለው መለኪያ መነሻ የሆነውን ፈተና አዘጋጀ። ዓላማውም በትምህርት ቤት ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ለመለየት እንጂ ሊቃውንትን በማዕርግ ለመደርደር አልነበረም።

መደርደሩን የጀመሩት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን በ1921 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ከ1,500 በላይ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ልጆች መርጦ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተለ። ከተመረጡት መካከል በየሙያው የተሳካላቸው ብዙ ናቸው፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ግን አንድ እንኳ የለም። በአንጻሩ ተፈትነው ነጥባቸው ስላልበቃ ከተተዉት ልጆች ሁለቱ፣ ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚዎች ሆነዋል፤ የመጀመሪያው በ1956፣ ሁለተኛው በ1968። ሾክሊ ትራንዚስተርን ከፈጠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባብያን ማስታወስ አያሻም።

ስለ ቼዝ ሻምፒዮኖችም ጋዜጦች 180 እና 190 የሚሉ ቁጥሮች ሲያወጡ ኖረዋል። ዴር ሽፒግል የተሰኘው የጀርመን መጽሔት በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን በባለሙያዎች ሲያስፈትነው ግን የተገኘው ነጥብ 135 ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ደግሞ በተማሪነቱ 125 አግኝቶ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ከሄድን ካስፓሮቭ ፋይንማንን በአሥር ነጥብ ይበልጠዋል ማለት ነው! በአንድ የብረት ዘንግ ላይ የተገኘን የጭነት መለኪያ ወስዶ የውኃን ጥራት የሚመዝን መሐንዲስ ቢኖር ከሥራው የሚባረር ይመስለኛል።

የቼዝ ተጫዋች አእምሮ በውስጡ ምን እንደሚሠራ በጥሞና ያጠናው ሆላንዳዊው አድሪያን ደ ግሮት ነው። በ1946 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ተጫዋቾች አሌኺንን፣ ኦይቨንና ኬሬስን ጨምሮ በርካታዎቹን አንድ የጨዋታ አቋም አሳይቷቸው፣ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርጎ መዝግቦ ነበር። ሁሉም ሰው እንደሚያምነው ግራንድ ማስተሩ ከተራው የክበብ ተጫዋች እጅግ አርቆ የሚቈጥር ሆኖ አልተገኘም። ልዩነቱ፣ ግራንድ ማስተሩ መልካሙን እርምጃ ገና ከመነሻው ያየዋል፤ ሌላው ግን ብዙ ቈጥሮ ወደማይረባው ይሄዳል። በ1973 ደግሞ በፒትስበርግ ዊልያም ቼይስና ኸርበርት ሳይመን ለአንድ ማስተርና ለአንድ ጀማሪ ገበታውን ለአምስት ሰከንድ ብቻ እያሳዩ፣ ያዩትን መልሰው እንዲደረድሩ ጠየቁ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቋም ሲሆን ማስተሩ አሥራ ስድስት ያህል ጠጠሮች በቦታቸው ሲመልስ ጀማሪው አራት ያህል ብቻ መለሰ። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የማስተሩ ብልጫ ጠፋ። ስለዚህ ያ ሁሉ የሚደነቅበት ትውስታ፣ ለዓመታት በተጠራቀሙ በብዙ ሺህ በሚቈጠሩ የጨዋታ ቅርጾች የተገነባ እንጂ ለማናቸውም ነገር የሚያገለግል የተለየ ማኅደር አይደለም ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት በግንባታ ላይ የቆየ ፎርማን የግድግዳ ስንጥቅ አይቶ «ይህ የመሠረት ነው» ሲል እንዴት እንዳወቀው ሊያስረዳን አለመቻሉን የታዘበ ሁሉ ነገሩን ይረዳዋል።

ይህ ሁሉ ስለ ቼዙ ነው። ከሳይንስ ጋር ለማነጻጸር የሚያመቸው በሁለቱም መስክ የሠራ ሰው ማግኘት ነው፤ ለዚህም ከኢማኑኤል ላስከር የተሻለ ምስክር የለም። ላስከር በ1868 በጀርመን ተወልዶ፣ በ1894 ሽታይኒትስን አሸንፎ በሃያ አምስት ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ማዕርጉንም እስከ 1921 ድረስ ለሃያ ሰባት ዓመታት ይዞ ቆየ። እስከ ዛሬ ያህሉን የቆየ የለም። ነገር ግን የልቡ ምኞት የሒሳብ መምህር መሆን ነበር። በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ፤ በኒው ኦርሊንስና በማንችስተር ለጥቂት ጊዜ አስተማረ፤ ቋሚ ወንበር ግን አንድም ዩኒቨርሲቲ አልሰጠውም። ቼዝ እንጀራው ስለ ነበር ወደ ቼዝ ተመለሰ።

በ1905 ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም በሒሳብ ትምህርት ክፍሎች ይጠናል። ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ለማስረዳት፣ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወደ ማይከፈሉ ቁጥሮች ብዜት እንደሚተነተን (12 ማለት 2 በ2 በ3 ሲባዛ እንደ ሆነ) ሁሉ፣ በብዙ ያልታወቁ መጠኖች የተሳሰሩ የእኩልነት ሥርዓቶችም ወደ መሠረታዊ ክፍሎቻቸው ሊተነተኑ እንደሚችሉ ላስከር አረጋገጠ። ኤሚ ኖተር በ1921 ይህንኑ አስፍታና አጥልቃ ለዘመናዊው አልጀብራ መሠረት አደረገችው፤ ትንታኔውም በሁለቱ ስም ይጠራል። ላስከር በሃቫና ለካፓብላንካ ማዕርጉን ያስረከበው በዚያው በ1921 መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በአንዱ ገበታ ስሙ ሲወርድ በሌላው፣ እሱ በሌለበት፣ ስሙ ከፍ እያለ ነበር።

በ1905 የወጣ ሌላም ጽሑፍ አለ፤ የአልበርት አይንሽታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ። ሁለቱ ሰዎች በኋላ በርሊን ውስጥ ተዋውቀው አብረው በእግር እየተንሸራሸሩ ይከራከሩ ነበር። ላስከር ንድፈ ሐሳቡን አልተቀበለም። የብርሃን ፍጥነት በፍጹም ባዶ ቦታ የማይለወጥ ነው የሚባለው፣ ፍጹም ባዶ ቦታ ተገኝቶ ሳይለካ እንዴት ይሆናል የሚል ነበር መቃወሚያው። በ1931 አይንሽታይንን ለመቃወም የብዙ ሰዎች ጽሑፍ ተሰብስቦ በታተመው መጽሐፍ ውስጥም ድርሻ ነበረው። እኔ ይህን ክርክር የማየው እንዲህ ነው፤ ላስከር የጠየቀው አንድ የቼዝ ጌታ የሚጠይቀውን ነው። በገበታ ላይ ያልተረጋገጠ እርምጃ የወሰደ ይቀጣል፤ ተጋጣሚው ወዲያው ቀዳዳውን ያገኘዋል። አይንሽታይን ግን ማረጋገጫው ሙሉ እስኪሆን ብንጠብቅ ከቶ እንደማንነሣ ያውቅ ነበር፤ ግምቱን አስቀምጦ የሚያስከትለውን ሁሉ እስከ ዳር ተከተለው፤ ተፈጥሮም ከዓመታት በኋላ መልሷን ሰጠች። ላስከር በብልኀት አነሰ ለማለት የሚደፍር የለም። የለመደው መሬት ግን የተከለለ፣ ሕጉ አስቀድሞ የተጻፈ መሬት ነበር።

አይንሽታይን ለላስከር የሕይወት ታሪክ በጻፈው መቅድም፣ በኋለኛው ዕድሜው ካወቃቸው ሰዎች እጅግ ከሚያስደንቁት አንዱ አድርጎ ያነሣዋል። በዚያው ላይ ግን አንድ የሚያሳዝን ንጽጽር አለበት። ፈላስፋው ስፒኖዛም መስተዋት እየሞረደ ይኖር ነበር፤ ይሁን እንጂ የመስተዋት ሥራ አእምሮን ነጻ ይተዋል፤ ቼዝ ግን ጌታውን ይዞ አስሮ ያስቀረዋል ይላል። እንግዲህ ላስከር ጊዜውን በሙሉ ለሒሳብ ቢሰጥ ኖሮ ምን በሆነ? በበኩሌ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ማስረጃ አላየሁም፤ የሚያሳስበኝም ከአእምሮው ይልቅ የተነፈገው ወንበር ነው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ላስከር አይሁዳዊ በመሆኑ ንብረቱን ተነጥቆ ተሰደደ፤ በስልሳ ስድስት ዓመቱ በ1935 በሞስኮ ውድድር ሦስተኛ ወጣ፤ በ1941 በኒው ዮርክ ዐረፈ።

የሻምፒዮኑና የሊቁ ንጽጽር በአንድ ጣሪያ ሥር የታየበት ሁለተኛ አጋጣሚ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር በብሌችሊ ፓርክ የተፈጠረው ነው። የጀርመን ባሕር ኃይል በኢኒግማ መኪና የሚልካቸውን ምስጢራዊ መልእክቶች የሚፈታው «ጎጆ ቁጥር 8» የሚባለው ክፍል ኃላፊ የሒሳብ ሊቁ አላን ቱሪንግ ነበር። በሥሩ ሆኖ ይሠራ የነበረው ሂዩ አሌክሳንደር በ1938 የእንግሊዝ የቼዝ ሻምፒዮን ነበር። ቱሪንግ ቼዝን እጅግ ይወድድ ነበር፤ አጨዋወቱ ግን ደካማ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ከነበሩት ጌቶች ጋር ሲቀመጥ መሸነፉ የታወቀ ነው። ሆኖም በ1936፣ ኮምፒዩተር የሚባል መሣሪያ በዓለም ሳይኖር፣ ማናቸውንም ስሌት ሊሠራ የሚችል መኪና ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት በወረቀት ላይ ያሳየው እሱ ነው። የባሕር ኃይሉንም ኢኒግማ ብዙዎች አይፈታም ብለው በተዉት ጊዜ ብቻውን ይዞት ተቀመጠ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ግን ሥራው ሌላ ጠባይ ያዘ። በየቀኑ አዲስ ቁልፍ፣ በየሰዓቱ የሚሮጥ ጊዜ፣ በባሕር ላይ የሚሰጥሙ መርከቦች ነበሩ። በዚህ ላይ አሌክሳንደር የተካነ ሆኖ ተገኘ፤ በ1942 መጨረሻም የክፍሉ ኃላፊነት በይፋ ለእሱ ተላለፈ። በጥቅምት 1941 የሠራተኛና የመሣሪያ እጥረት ሥራቸውን ባሰናከለ ጊዜ ለጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በቀጥታ ደብዳቤ ከጻፉት አራት ሰዎች አንዱ ቱሪንግ ሲሆን፣ ሁለቱ፣ አሌክሳንደርና ሚልነር ባሪ፣ የታወቁ የቼዝ ተጫዋቾች ነበሩ። ደብዳቤውን ይዞ ለንደን ድረስ የሄደው ሚልነር ባሪ ነው፤ ቸርችልም የጠየቁት ሁሉ ባስቸኳይ እንዲፈጸም አዘዘ። ጥያቄውን ያገኘው አንዱ፣ መልሱን በየዕለቱ ያደረሰው ሌላው ከሆነ፣ ከሁለቱ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ለእነዚያ መርከበኞች ምን ትርጉም ይኖረው ነበር?

አሌክሳንደር ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946 በሬዲዮ በተደረገ የእንግሊዝና የሶቭየት ኅብረት ግጥሚያ ሚኻኢል ቦትቪኒክን አንድ ጨዋታ አሸንፎታል። ቦትቪኒክ የእኛው ሙያ ሰው፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። በጦርነቱ ዘመን በኡራል ግዛት በኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ውስጥ ሲሠራ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለቼዝ እንዲፈቀድለት እስከ ሚኒስትር ድረስ አቤት ብሎ እንዳስፈቀደ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። በ1948 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ማዕርጉን ሁለት ጊዜ ተነጥቆ ሁለት ጊዜ አስመልሷል፤ እስከ 1963ም ይዞት ቆይቷል። በዚያው ዘመን ውስጥ፣ በ1951፣ በቴክኒክ ሳይንስ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። የምርምሩ መስክ በረጅም መስመር ላይ የተያያዙ ጄኔሬተሮች ጭነት ሲለዋወጥ ከእርምጃቸው እንዳይወጡ የመግነጢስ ጅረታቸውን መቈጣጠር ነበር፤ ማመንጫው በሸለቆ፣ ከተማው በደጋ በሆነበት አገር የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ባልደረቦቻችን ችግሩን በሚገባ ያውቁታል። መልካም መሐንዲስ ነበር። ከታላላቅ የሳይንስ ሊቃውንት ተርታ ግን ማንም አላስገባውም፤ እሱም የጠየቀ አይመስለኝም። በ1935 ሻምፒዮን የሆነው ማክስ ኦይቨም የሒሳብ ዶክተር ነበር፤ በ1929 ያወጣት አንዲት ቆንጆ ጽሑፍ ብትኖርም የሚታወሰው በቼዙ ነው።

ቦትቪኒክን ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያስፈልገኝ ያደረገው ግን ውድቀቱ ነው። በ1970 ከውድድር ወጥቶ «ፓዮኒር» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለማዘጋጀት ብዙ ዓመታት ደከመ። ሐሳቡም፣ መኪናው ሁሉን እርምጃ ከመቍጠር ይልቅ እንደ ጌታው ዓላማ እየመረጠ እንዲያስብ ማድረግ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ መሐንዲስም ነው፤ እንዴት እንደሚያስብ ከሱ የበለጠ ማን ሊያውቅ ይችላል? ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ በውድድር የሚሰለፍ ተጫዋች ሳይሆን ቀረ። ድሉ የሌሎች ሆነ፤ በግንቦት 1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር በአንድ ሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋሞችን እየቈጠረ የቦትቪኒክን ተማሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 ረታው። ቦትቪኒክ ከሁለት ዓመት በፊት ዐርፎ ስለ ነበር አላየውም። እንግዲህ አንድን ነገር አሳምሮ መሥራትና እንዴት እንደተሠራ ማወቅ የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። የሚያስቀው ነገር፣ ደካማው ተጫዋች ቱሪንግ በ1952 ራሱ የጻፈውን የቼዝ ፕሮግራም ሊያስኬድ የሚችል መኪና ስላልነበረው በእጁ እያሰላ፣ ለአንድ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል እየፈጀ ከአንድ ባልደረባው ጋር ተጫውቶ ተሸንፏል፤ የተሸነፈው ጨዋታ ግን የዲፕ ብሉ አያት ነው።

የሻይ ሰዓቱ ክርክር ሲቀጥል አንድ ተጨማሪ ስም ተነሥቶ ነበር፤ ዴሚስ ሀሳቢስ። በልጅነቱ ድንቅ የቼዝ ተጫዋች የነበረው ይህ እንግሊዛዊ ቼዙን ትቶ ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ ገባ፤ በ2017 የእሱ ቡድን የሠራው አልፋዜሮ የተባለ ፕሮግራም የቼዝን ሕግ ብቻ ተነግሮት ከራሱ ጋር በመጫወት ዘመኑ ካፈራቸው ሁሉ በላይ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ የፕሮቲኖችን ቅርጽ አስቀድሞ በማስላት ሥራ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተቀበለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «አላልኋችሁም!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ጓደኛዬ ግን ሀሳቢስ የተሸለመው ቼዝን ስለ ተጫወተ ሳይሆን ስለ ተወው ነው ብሎ ሙግቱን እንደገና አቀጣጠለው። እኔ ሁለቱም እውነታቸውን ነው ባይ ነኝ። ልጁ ለሰዓታት ሳይነሣ ማሰብን በገበታ ላይ ተምሮ ይሆናል፤ ፕሮቲን እንዴት እንደሚታጠፍ መጠየቅ እንደሚገባ ግን ገበታው አልነገረውም። በቼዝ ጥያቄው አንድ ነው፤ ከጅምሩ የታወቀ ነው፤ ሰዓቱም በጎን ይቈጥራል።

ስለ ፈተናው ስጠየቅ ያቀረብሁት ሐሳብ የሚከተለው ነበር። ለእያንዳንዱ ተመራቂ የአንድ ትንሽ ድልድይ ንድፍ ይሰጠዋል፤ የወንዙ የጎርፍ መጠንና የአፈሩ ዓይነት ሆን ተብለው ይቀራሉ። ተፈታኙ ድልድዩን እንዲያሰላ አይጠየቅም፤ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ምን ማወቅ እንደሚያስፈልገው በአንድ ገጽ እንዲጽፍ ብቻ ይደረጋል። የተለመደው የስሌት ፈተናም አልቀረም፤ ያን ማንሣት አልፈለግሁም። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት መካከል ስሌቱን ቀድሞ የጨረሰው ልጅ በባዶው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ። በስሌቱ መካከለኛ የነበረች አንዲት ልጅ ደግሞ በክረምት ወንዙን አቋርጠው ወደ ገበያ የሚሄዱትን ሰዎች ማነጋገር እንደሚያስፈልግ፣ ከፍተኛው ጎርፍ እስከየት እንደ ደረሰ በዛፎቹ ግንድ ላይ መፈለግ እንደሚገባ ዘርዝራ ጻፈች። ጋሼ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አንብበው «ይህችን ቅጠሯት» አሉ፤ ቀጥለውም ልጁንም እንዳንለቀው አሳሰቡን። ሁለቱም ተቀጥረው ዛሬ በአንድ ክፍል ይሠራሉ፤ በሻይ ሰዓት ቼዝ ሲገጥሙም ልጁ ያሸንፋል።